ጥቁር አፈር ላይ ሴፕቲክ ታንክ

ቤት የሚሠራ ሰው ሴራሚክ ለመምረጥ ቅዳሜን ሙሉ መርካቶ ይውላል። በካቢኔት ቀለም ባልና ሚስት ይኳረፋሉ። በሴፕቲክ ታንክ የተኳረፈ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። ፎርማኑ "ጉድጓዱን ለእኔ ተወው" ይላል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይተወዋል። ቀለሙ ተቀብቶ፣ ቤቱ ተመርቆ፣ አንድ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ጓሮው መሽተት ይጀምራል። ያኔ ጠቡ ይመጣል፣ ግን ፎርማኑ ስልክ አያነሳም።

እኔ ሰንዳፋ አካባቢ ለእናቴ ቤት እያሠራሁ ነው። ቦታው 500 ካሬ ነው። የፍሳሽ መስመር የለም፣ በቅርቡም የሚመጣ አይመስልም። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ፣ ቃሊቲ ያለው ማጣሪያ ጣቢያ ተስፋፍቶም፣ ስንቱ ሰው አሁንም ከጉድጓድና ከመጣጭ መኪና ጋር ነው የሚኖረው። ስለዚህ ምን ዓይነት ታንክ፣ ምን ዓይነት ማስረጊያ (ከታንኩ የወጣው ውሃ አፈር ውስጥ የሚሰርግበት ጉድጓድ ወይም ቦይ) የሚለውን ራሴ ገብቼ ማየት ፈለግሁ። ብዙ አነበብኩ፣ ብዙ ተከራከርኩ፣ ፎርማኑንም ሳላሰለቸው አልቀረሁም። ወደ ዋጋ አልገባም፤ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ እናንተ ስታነቡት ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ብዙ ሰው ሴፕቲክ ታንክ ቆሻሻውን የሚያጠፋ ይመስለዋል። አያጠፋም። ታንኩ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፣ ፍሳሹን ያረጋጋል። ከባዱ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱና አረፋው ከላይ ይንሳፈፋል፣ መሃል ላይ የቀረው ውሃ በሌላኛው ቱቦ ይወጣል። ከዝቃጩ የተወሰነው አየር በማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ይበላል፣ የቀረው እዚያው ተቀምጦ መጣጭ መኪና ይጠብቃል። የሚወጣው ውሃ ደግሞ ዓይን ላይ ከበፊቱ የተሻለ ቢመስልም በጀርም የተሞላ ነው። የሚያጣራው ከዚያ በኋላ የሚያገኘው አፈር ነው። ውሃው አየር ባለው አፈር ውስጥ ቀስ እያለ ሲያልፍ በአፈሩ ውስጥ ያሉት ነፍሳት ይሠሩበታል፣ ጀርሞቹም አፈሩ ላይ ተይዘው ይሞታሉ።

ይህንን ከተረዳሁ በኋላ ነገሩን የማይበት መንገድ ተለወጠ። ታንክ ቢሞላ ይመጠጣል፣ ቢሰነጠቅ ይለሰናል፣ ክዳኑ ቢሰበር ሌላ ክዳን ይሠራለታል። የተደፈነ አፈር ግን የሚመጠጥ ነገር የለውም፣ መኪና ብትጠራለትም አይሰማህም። ታንኩ ላይ የምናደርገው ጥንቃቄ በሙሉ አፈሩን ለማትረፍ ነው ማለት ነው። እኛ ደግሞ በተቃራኒው ነው የምንሄደው፤ ታንኩን "ጠንካራ አድርገህ ሥራ" ብለን ገንዘብ እናፈሳለን፣ ከታንኩ የወጣው ውሃ የት እንደሚደርስ አንጠይቅም። አንዳንድ ቦታ መልሱ ይታወቃል። ዝናብ ሲጥል ጠብቆ ወደ መንገድ ቦይ መልቀቅ ነው። ጎረቤት ያውቃል፣ ወንዙም ያውቃል።

የሰንዳፋን ሜዳ ያየ ሰው አፈሩን ያውቀዋል። ጥቁር ነው። በክረምት ጫማ ይዞ ይቀራል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። አገራችን ውስጥ ይህ ዓይነቱ አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል ይባላል፣ ብዙው ደግሞ ደጋው ላይ ነው። ሸክላው ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ገበሬው ይህን አፈር ከማንም መሃንዲስ በፊት ያጠናው ነው። ሽንብራና ጓያ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሚዘሩት ለምን ሆነና? መሬቱ ውሃውን ይዞ ስለሚቀመጥ፣ ቀደም ብሎ የተዘራ ስር ይበሰብሳል። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ ደግሞ ገበሬዎች ሰፋ ያለ መደብና ቦይ በእጃቸው እያወጡ ነው ውሃውን ከማሳ የሚያስወጡት። ገበሬ ውሃ ለማስወጣት እጁ እስኪላጥ የሚለፋበትን መሬት እኛ የሽንት ቤት ውሃ እንዲጠጣልን እንጠብቃለን።

የካቲት ላይ ፎርማኑ አንድ ጉድጓድ አስቆፍሮ በጀሪካን ውሃ ገለበጠበት። ውሃው ወዲያው ጠፋ። "አየህ ወንድሜ፣ እንዴት እንደሚጠጣ!" አለኝ፣ ፊቱ በራ። በአጥሩ በኩል ቆመው የሚያዩን አባት ነበሩ፣ መሬቱን ከልጅነታቸው ያረሱት ሰው። ሳቁ። "ልጄ፣ ይህ መሬት እኮ በበጋ ነው አፉን የሚከፍተው። በነሐሴ ናና እየው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያ ውሃ የሄደው በስንጥቁ ነው፣ አፈሩ አልመጠጠውም። ዝናብ ሲጀምር ሸክላው ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ላስገባ ቢሉት እሺ አይልም።

ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ይህን ስነግረው አልገረመውም። እሱ የሚኖረው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፣ ቤቱ በሴፕቲክ ነው የሚሠራው። እዚያ አንዳንድ ካውንቲዎች የአፈር መምጠጥ ሙከራውን የሚቀበሉት በእርጥብ ወቅት ከተደረገ ብቻ ነው፣ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ባለበት ጊዜ። ፈተናውን ያላለፈ ቦታ ላይ ቤት አትሠራም፣ አለቀ። እኛ ጋ ካርታ አለህ፣ ፕላን አለህ፣ ግንባታ ፈቃድ አለህ፣ ስለ አፈሩ ግን እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ሙከራው ከባድ አይደለም። ማስረጊያው በሚቀበርበት ጥልቀት 30 ሳንቲሜትር የሚሆን ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ጎኑ በአካፋ ተላስቶ ከሆነ በሹል ነገር ጫር ጫር አድርጉት፣ ምክንያቱም የተላሰ ሸክላ እንደ ልስን ነው። ታች ትንሽ ጠጠር ጨምሩ፣ ውሃ ሙሉትና አሳድሩት፤ ጥቁር አፈር ከሆነ ማሳደሩ ግዴታ ነው፣ እስኪያብጥ ጊዜ ይፈልጋል። በማግስቱ 15 ሳንቲሜትር ያህል ውሃ ጨምራችሁ በማስመሪያ ለኩ። 2.5 ሳንቲሜትር ለመውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈጀበት ተራ ማስረጊያ አይሆንም። በጣም ቶሎ ቢወርድም ደስ አይበላችሁ፤ ውሃው ሳይጣራ ወደ ከርሰ ምድር ገባ ማለት ነው፣ ዝቅ ብሎ የጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ካለ ደግሞ ነገሩ ጎረቤት ቤት ይደርሳል።

ነሐሴ ላይ ስንሞክር የታችኛው ግማሽ እንደተባለው ሆነ። ውሃው እንዳደረ ነበር። ከላይ በኩል፣ በምሥራቁ አጥር ጥግ ጥግ፣ አፈሩ ቡናማ ነው፣ ሲቆፈር የበሰበሰ ድንጋይ ይወጣዋል። እዚያ ቀስ ብሎም ቢሆን ወረደ። ፎርማኑ አልተደሰተም፣ ምክንያቱም እሱ ጉድጓዱን ያሰበው ከታች ነበር፣ ውሃ ወደ ታች ነው የሚሄደው ብሎ። እውነት ነው፣ ግን የዝናቡም ውሃ ወደዚያው ነው የሚሄደው። በክረምት ረግረግ የሚሆን ጥግ ላይ ሌላ ውሃ መጨመር ምን ይባላል? ደግነቱ ቤቱ ያኔ ገና አልተጀመረም ነበር። ሽንት ቤቶቹንና ኩሽናውን በምሥራቁ በኩል አዞርን፣ ወለሉም በሙሌት ከፍ ስለሚል ውሃው ያለ ፓምፕ ይደርሳል። ፓምፕ ያለው ነገር አልፈልግም። መብራት በሄደ ቁጥር እናቴ ስለ ፍሳሽ እንድታስብ አልፈልግም።

ቀጥሎ ሂሳብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ በየግቢው ስለሚሠራ የፍሳሽ ማስወገጃ የሚናገር መመሪያ ለእያንዳንዱ የአፈር ዓይነት በካሬ ሜትር በቀን ስንት ሊትር እንደሚቀበል ይነግራል። አሸዋ የተደባለቀበት ጥሩ ለም አፈር 25 ሊትር ገደማ፣ የማያብጥ ሸክላ 10 ሊትር ገደማ፣ የሚያብጠው ጥቁር አፈር ከ10 በታች። ስድስት ሰው በቀን 80 ሊትር ቢጠቀም 480 ሊትር ነው። በለም አፈር 19 ካሬ ያህል የሚመጥ ገጽ ይበቃል። በእኛ ቡናማ ሸክላ ግን 48 ካሬ ይሆናል። ቦዩ ከቱቦው በታች 60 ሳንቲሜትር ጠጠር ካለው፣ ሁለቱ ጎኖቹ በአንድ ሜትር ርዝመት 1.2 ካሬ ይሰጣሉ፤ ታችኛው ቶሎ ስለሚደፈን አይቆጠርም። ስለዚህ 40 ሜትር ቦይ። በአጥሩ ጎን ሁለት ቦይ፣ እያንዳንዱ 20 ሜትር። ሦስተኛ ጨምረናል፣ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ፎርማኑ ይህን ሲሰማ ነው የተናደደው። የእሱ ሐሳብ ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ ክብ ጉድጓድ፣ አራት ሜትር ጥልቀት፣ በድንጋይ ሞልቶ ከላይ መክደን። "ስንት ቤት ሠርቻለሁ፣ ቧንቧ ጋደም አድርገህ ቅበርልኝ ያለኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም" አለኝ። ጥልቅ ጉድጓድ ቦታ ይቆጥባል፣ አልካድኩትም። 150 ካሬ ላይ ለሚሠራ ሰው ምርጫውም እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ግን አራት ሜትር ስትወርድ አየር የለም፣ የሚያጣራውም ሕይወት ያለው ከላይኛው አፈር ነው። በክረምት የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ሲል ደግሞ ጉድጓዱ ከታች ራሱ ይሞላል። ከማስረጊያው ወለል እስከ ውሃው ድረስ ቢያንስ አንድ ሜትር ከምናምን ደረቅ አፈር መኖር አለበት። ከጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ደግሞ 30 ሜትር መራቅ። የእኛ ጎረቤት ጉድጓድ አላቸው፣ ከዚያ ጥግ በሜትር ለክተን ነው የተነሳነው።

አሁን ወደ ታንኩ። መጠኑን ሰው ሁሉ በቤተሰብ ቁጥር ነው የሚያስበው። እኔ እናቴን አውቃታለሁ። ክርስትና አለ፣ ማህበር አለ፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ይተከላል፣ ሰፈሩ በሙሉ ይመጣል። በዚያን ቀን ታንኩ ውስጥ የሚገባው ውሃ ዝቃጩን በጥብጦ ወደ ማስረጊያው እንዳይገፋው ቦታ መኖር አለበት። ፍሳሹ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ መረጋጋት አለበት፣ ሲበዛም ጥሩ ነው። የዝቃጩ ክምችት ደግሞ በሰው በዓመት እስከ 40 ሊትር ይገመታል። የእኛ ታንክ ውስጡ 2.4 ሜትር ርዝመት፣ 1.2 ሜትር ስፋት፣ 1.4 ሜትር የውሃ ጥልቀት፣ 4,000 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ከውሃው በላይ 30 ሳንቲሜትር ያህል ባዶ ቦታ አለ። ዝቃጩ ሲሶውን እስኪይዝ አምስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ያኔ ይመጠጣል፣ ጓሮ እስኪሸት አይጠበቅም።

የታንኩ ቁሳቁስ ላይ ብዙ ተነጋግረናል። መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ሮቶ ነው። "አንድ ሮቶ ቅበርና ተገላገል።" የውሃ ሮቶ ለጣሪያ የተሠራ ነው፤ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ ውጭ ሲገፋው ይችላል፣ አፈር ከውጭ ወደ ውስጥ ሲገፋው ግን ይጨማደዳል፣ ያውም የሚያብጥ ጥቁር አፈር ከሆነ። ለመቀበር የተሠሩ፣ ወገባቸው ላይ ጎላ ጎላ ያለ ማጠንከሪያ ያላቸው የፕላስቲክ ሴፕቲክ ታንኮች አሉ፣ እነሱ ጥሩ ናቸው፣ አያፈሱም። ችግራቸው ቀላል መሆናቸው ነው። 4,000 ሊትር ባዶ ታንክ በውሃ በጠገበ አፈር ውስጥ አራት ቶን በሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። ክረምት መሃል ላይ አስመጥጣችሁት ካደረ ጠዋት ከመሬት ብቅ ብሎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ከታች በኮንክሪት ወለል ካልታሰረ አይሆንም።

ብሎኬት ሁለተኛው ነው። ባዶ ብሎኬት ከመሬት በታች እኔ አልቀበልም። ቀዳዳው በኮንክሪት ተሞልቶ፣ ፌሮ ገብቶበት ከሆነ ይሻላል፣ ግን ያኔ ከአርማታ ብዙም አይረክስም። የኮንክሪት ቀለበት እየደራረቡ የሚሠሩም አሉ፣ እዚያ ጣጣው መገጣጠሚያው ነው። እኛ በመጨረሻ አርማታ አልን። ወለሉም ግድግዳውም በፌሮ፣ ውስጡ ሁለት ዙር ልስን። ዙሪያውን ደግሞ የተቆፈረውን ጥቁር አፈር አልመለስንበትም፣ ገረጋንቲ ሞላንበት፣ አፈሩ ሲያብጥ በቀጥታ ግድግዳውን እንዳይይዘው። ከመሸፈኑ በፊት ውሃ ሞልቶ ማሳደርና ማግስቱን ምልክቱን ማየት የግድ ነው። ኮንክሪቱ መጀመሪያ ትንሽ ይጠጣል፣ እንደገና ሞልቶ ነው የሚለካው። "የሚያፈስ ሴፕቲክ ምን ችግር አለው፣ ቶሎ አይሞላም" የሚሉ አሉ። በበጋ አይሞላም፣ እሺ። በክረምት ግን በዚያው ስንጥቅ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ታንኩ ዝናብ ይሞላል፣ ዝቃጩን ይዞ ወደ ማስረጊያው ይሄዳል።

ውስጡ ሁለት ክፍል ነው። መጀመሪያው ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል፣ ከዚያ ግድግዳ፣ ግድግዳው ላይ መሃል ገደማ ቀዳዳ፤ ቅባቱም ዝቃጩም የማይደርሱበት ከፍታ ላይ። መግቢያው ቱቦ ከመውጫው በ5 ሴንቲ፣ በ7 ሴንቲ ከፍ ይላል። ሁለቱም ላይ ቲ አለ፣ የቲ (T) ቅርጽ ያለው የቧንቧ መገጣጠሚያ። የመውጫው ቲ እግሩ ከውሃው ወለል ወደ 50 ሳንቲሜትር ይወርዳል፣ ንጹሑ ውሃ ያለው እዚያ ነውና። ይህቺ ቲ ከታንኩ ሁሉ ርካሿ ዕቃ ናት፣ ብዙ ጊዜ የምትረሳውም እሷ ናት። እሷ ከሌለች ከላይ የተንሳፈፈው ቅባት በቀጥታ ወደ ማስረጊያው ይሄዳል፣ ቅባት የጠጣ ሸክላ ደግሞ አበቃለት። ከቤት ወደ ታንክ የሚመጣው 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲሜትር ያህል ይዘቀዝቃል።

ከሁለቱም ቲ በላይ ክዳን አለ፣ 60 ሳንቲሜትር፣ ሰው በእጁ የሚያነሳው ሳይሆን ከበድ ያለ፣ ሕፃን የማይከፍተው። አንድ ትልቅ ሰሌዳ ከላይ ጥሎ በሲሚንቶ ማሸግ የተለመደ ነው፣ ሲመጠጥ መሮ ይመጣል፣ ይፈለፈላል፣ ስንጥቅ ይተርፋል። ታንኩን ወደ በሩ ያስጠጋነውም ለመጣጭ መኪናው ነው፤ ቱቦው የማይደርስበት ታንክ አይመጠጥም። አንድ ነገር ደግሞ ሳልል አላልፍም። ወደ ታንክ ውስጥ ሰው አይግባ። ቢመጠጥም፣ ባዶ ቢመስልም፣ "አንድ ደቂቃ ነው" ቢባልም። ውስጡ ያለው ጋዝ መጀመሪያ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ከዚያ ሰውዬውን ይጥላል፣ ሊያወጣው የገባውንም ይጥላል። በየአገሩ ሰው በዚህ ይሞታል፣ እኛም አገር ይሞታል።

ማስረጊያው ቦይ ላይ የዕቃው ዓይነት ጥቂት ነው፣ ግን እያንዳንዱ ላይ ጥያቄ አለ። ቱቦው ያው 110 ነው፣ ከታች በኩል በግራና በቀኝ ቀዳዳ ያለው። የተበሳውን ካላገኛችሁ በድሪል ይበሳል፣ የጣት ወርድ ያህል። የቦዩ ወለል በውሃ ልክ ነው የሚስተካከለው፤ ከዘቀዘቀ ውሃው በሙሉ ጫፉ ላይ ይከማቻል፣ 20 ሜትር ቆፍራችሁ ሁለቱን ሜትር ብቻ ትጠቀማላችሁ። ጠጠሩ 02 የሚባለው መጠን ነው፣ የታጠበ። "የታጠበ" የሚለውን ቃል ፎርማኑ እንደ ቅንጦት ነው ያየው። ጠጠር ላይ ያለው አቧራ ግን ታች ወርዶ ስስ ጭቃ ይሠራል፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቦዩን ለሰነው ማለት ነው። ሬድ አሽ የሚሉት ቀዩ ጠጠር ርካሽ ነው፣ ብዙ ሰው መከረኝ፣ ለእኔ ግን በጣት ሲታሽ ዱቄት የሚሆን ነገር ቦይ ውስጥ አይገባም። ከጠጠሩ በላይ አፈር ከመመለሱ በፊት ጂኦቴክስታይል (ውሃና አየር የሚያሳልፍ፣ አፈር የሚይዝ ጨርቅ) ይነጠፋል፣ ካልተገኘ ወፈር ያለ ጭድ። ፎርማኑ ላስቲክ ልዘርጋ አለ። ላስቲክ አየር ይዘጋል፣ እኛ ደግሞ አየሩን እንፈልገዋለን።

ከታንኩ የወጣው ውሃ ወደ ሦስቱ ቦዮች የሚከፋፈለው በአንድ ትንሽ ማንሆል ነው። የእሱም መውጫዎች በውሃ ልክ እኩል መሆን አለባቸው። ሦስተኛውን ቦይ የጨመርነው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ሲሠሩ አንዱን ዘግተን እናሳርፈዋለን፣ በየዓመቱ እያፈራረቅን። የሚደፍነው ጥቁር ዝልግልግ ነገር ውሃ ሳያገኝ ሲቆይና አየር ሲገባው ይበሰብሳል፣ አፈሩ ያገግማል። ወንድሜ ጓሮ ውስጥ ያለው ዓይነት፣ ጠጠር የማይፈልግ የፕላስቲክ ቅስት፣ ፎቶውን ልኮልኛል። ያምራል። እኛ ጋ ግን ጠጠር አለ፣ ቅስቱን ከሜሪላንድ በሻንጣ አላስመጣም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሥርዓቱን የሚገድለው የጣሪያ ውሃ ይመስለኛል። አሸንዳውን ወስዶ ሴፕቲክ ውስጥ መክተት የተለመደ ነው፣ "ጉድጓድ ከተቆፈረ አይቀር" ተብሎ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። 120 ካሬ ጣሪያ ላይ አንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 3,600 ሊትር ይሆናል። የእኛን ታንክ በሙሉ ለማለት ይቻላል ያጥበዋል፣ ያውም አፈሩ በጠገበበት ወር። አሸንዳው ለብቻው ወደ ታች፣ ወደ ጥቁሩ አፈር ይሄዳል። እዚያ ረግረጉ ይጠጣው ወይ አይጠጣው፣ ቢያንስ ንጹሕ ውሃ ነው።

ኩሽናው ላይ ደግሞ ትንሽ የቅባት ማጥመጃ አደረግን፣ ከታንኩ በፊት። ንጥር ቅቤ ሲሞቅ ይፈሳል፣ ቱቦ ውስጥ ሲደርስ ይረጋል፤ የፋሲካ ዕለት የታጠበ ሰታቴ ስንቱን ይዞ እንደሚወርድ አስቡት። የጀበናው አተላ ወደ አትክልቱ ይሂድ ተባብለናል። በረኪና ለማጽዳት ያህል ምንም አይልም፣ በጠርሙስ ከተገለበጠ ግን ታንኩ ውስጥ የሚሠሩትን ይገድላቸዋል። እዚያ ላይ የሚጨመር ዱቄት የሚሸጡ አሉ፣ ባክቴሪያ ነው ይላሉ። በዕለት ፍሳሹ ባክቴሪያ የሚጎድለው ቤት የለም፣ ብሩን ለመጣጭ መኪናው ያዙት።

ባህር ዛፉ ላይ አልተስማማንም። የአጥሩ ዳር ላይ አሮጌ ባህር ዛፎች አሉ፣ እናቴ ጥላቸውን ትወዳለች። አጎቴም "ውሃ ይጠጣልሃል፣ ተወው" ይላል። ይጠጣል፣ እውነት ነው። ግን ስሩ ሲጠማ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ውስጥ ገብቶ ነው የሚጠጣው፣ ከዚያ ቱቦው የሚያስተላልፈው ውሃ አይኖርም። ለቦዩ ቅርብ የሆኑት ተቆርጠዋል፣ የራቁት ቀርተዋል፣ እናቴም አኩርፋለች።

የቀረው ክርክር ኮብልስቶን ነው። ፎርማኑ ግቢውን በሙሉ እስከ አጥሩ ድረስ ላንጥፍ ይላል፣ አጎቴም መኪናውን ከዛፉ ሥር፣ ማለትም ልክ ከቦዮቹ በላይ ማቆም ይፈልጋል። የመኪና ጎማ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፣ ቱቦውን ይሰብረዋል፣ ድንጋይ ደግሞ አየሩን ይዘጋዋል። እዚያ ሣር ብቻ ነው የሚሆነው ብያለሁ። ሦስቱ ቦዮችና የታንኩ ክዳኖች ከቤቱ ማዕዘን በስንት ሜትር ላይ እንዳሉ በወረቀት ተስሎ ቆጣሪው ሳጥን ውስጥ ገብቷል፣ ኮፒው እናቴ ጋ ነው። አጎቴ አሁንም መኪናውን የት ላቁም እያለ ይደውላል።